ቀን፣ ስም፣ ምስክር

(በዱከም ከተማ በዙልቂዕዳ ወር 1445 ዓመተ ሒጅራ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም.፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ለጀመዓው የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



 የዛሬው ርዕሳችን በመስጅድ ብዙ ጊዜ የሚነሳ አይደለም። ስለ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነው የምንነጋገረው። «እኛ የመድረሳ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ጋር ምን አገናኘን?» የሚል ወንድም ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከደርግ ዘመን ተነስተን ብንፈልገው ይሻላል። በዚህች አገር አንድ ጨቋኝ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የሠራው ግፍ በችሎት ተቆጥሮ፣ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ፍርድ ሲያርፍበት ያየነው በደርግ ነውና።

ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች እዚሁ መካከላችን አሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ የእኩልነት ጥያቄውን ሲያሰማ ክርስቲያን ወገኖችም አብረውት ወጥተው ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኢድ አልፈጥርን፣ ኢድ አልአድሓንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ አወጀ። ይህን አንክድም፤ ሐቅ ለጠላትም ቢሆን ይነገራል። ይሁንና በዓሉን የሰጠን መንግሥት ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ልጆቻችንን ከቤት እያስወጣ ገደላቸው። ቀይ ሽብር ሃይማኖት አልመረጠም። በሚያዝያ 1969 ሊቀመንበሩ በአብዮት አደባባይ ቀይ የተሞሉ ጠርሙሶች ሲሰብር ሕዝብ አየ። በዚያው ወር በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በአዲስ አበባ ተረሸኑ። የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ አባት ነበር። ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለች እናት ነበረች። ለእኛ ደግሞ ሌላ ሸክም ነበረበት፤ ጀናዛው ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን፣ ሳይሰገድበት በጅምላ ጉድጓድ የተጣለ ሰው ቤተሰብ ሐዘኑ መቼ ይዘጋል? ዛሬም ድረስ ልጃቸው የት እንደተቀበረ ሳያውቁ ያረጁ እናቶች አሉ።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ሸሸ፤ ከሳምንት በኋላ ደርግ ወደቀ። በነሐሴ 1984 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የዚህን አዋጅ መግቢያ ማንበብ ይገባል። ወንጀለኞቹን ለፍርድ ማቅረብ ብቻ አይደለም የሚለው፤ የተሠራውን ግፍ ለሚመጣው ትውልድ መዝግቦ ማስቀመጥንም ግዴታ ያደርጋል። ፍርድና ትውስታ በአንድ አዋጅ ላይ ጎን ለጎን ተጻፉ። ከሰሱ ማለት አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡ ለልጅ ልጅ ይድረስ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ደርግ የተፈረደበት በምንድን ነው? ብዙዎቻችን በምስክር እንባ ይመስለናል። ምስክሮች ነበሩ፣ አላህ ይካሳቸው፤ ደርግን ያጋለጠው ግን በብዛት የራሱ ወረቀት ነው። «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድባቸው» የሚሉ ትእዛዞች ቁጥርና ማኅተም ነበራቸው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሰበሰበው የመንግሥት ሰነድ ከ300,000 ገጽ በላይ ነበር። ገዳዩ አንድ ቀን እጠየቃለሁ ብሎ ስላላሰበ ሁሉንም ጻፈው፣ ፈረመበት፣ በፋይል አስቀመጠው። አላህ አንዳንዴ ግፈኛን በገዛ እጁ ያስጽፈዋል።

ነገር ግን 300,000 ገጽ ወረቀት በራሱ ፍርድ አይሆንም። የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ቀን፣ በማን ሥልጣን፣ በማን ላይ እንደወጣ፣ ከየትኛው የሕግ አንቀጽ ጋር እንደሚገጥም ለይቶ የሚያወጣ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። እነዚያ ሰዎች ከየት መጡ? ዐቃቤ ሕጎቹም፣ ዳኞቹም፣ ተከላካዮቹም በአመዛኙ የተማሩት በ1956 ዓ.ም. በተከፈተው በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በዓመቱ የሕግ መጽሔት ማሳተም ጀምሮ ነበር። ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። አንድ ጨቋኝ መንግሥት መጀመሪያ ከሚዘጋቸው በሮች አንዱ የትምህርት በር ነው። ጉዳቱ የታወቀው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ደርግ ወድቆ በሺህ የሚቆጠር ተከሳሽ ሲቀርብ ለዚያ ሁሉ መዝገብ የሚበቃ ዳኛና ጠበቃ ጠፋ።

የተከሰሱት 5,198 ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ 2,246ቱ በእስር ላይ ሲሆኑ 2,952ቱ በሌሉበት ተከሰሱ። የዋነኞቹ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ተጀመረ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው። ቁጠሩት፤ አንድ ቀን የጎደለው 12 ዓመት ነው። ልጁን ያጣ አባት በዚያ መካከል ሞተ። ተከሳሽም በእስር ቤት ሞተ። የፍትሕ መዘግየት ከባድ በደል መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ የባለሙያ እጥረት መሆኑንም እንወቅ።

በዚህ ክስ ውስጥ የሕግ ዕውቀት ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጥቀስ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 281 የዘር ማጥፋትን ሲደነግግ የፖለቲካ ቡድንን ጭምር ይጠብቃል። የዓለም ስምምነቱ የፖለቲካ ቡድንን አላካተተም፤ የኢትዮጵያ ሕግ ግን አካትቷል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ዋና ክሱን የመሠረተው በዚህ አንቀጽ ላይ ነው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ አልተስማሙም፤ ያ ጥበቃ በደርግ ጊዜ በወጣ ሌላ ሕግ ቀርቷልና በነፍስ ግድያ እንጂ በዘር ማጥፋት ሊባሉ አይገባም ብለው ሐሳባቸውን በልዩነት አስመዘገቡ። ይህ ለመድረሳ ሰው እንግዳ አይደለም። እኛም በፊቅህ ኪታቦቻችን የአብዛኛውን ዑለማ ቃል ስናጠና የተለየውንም ቃል ከነማስረጃው እናጠናለን። ዛሬ የሕግ ተማሪዎች የሁለቱንም ወገን ክርክር በመማሪያ ክፍል እያነሱ ይከራከሩበታል። ቀይ ሽብር የተረት ጉዳይ ሳይሆን የትምህርት ጉዳይ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው።

ሌላው ነገር፤ ለእነዚያ ተከሳሾች መንግሥት ጠበቃ አቆመላቸው። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የሚባለው በዚህ ክስ ምክንያት የመጣ ነው። «ለገዳይ ጠበቃ?» ይሉ ነበር ብዙዎች። እኛ ግን ቃዲ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንዳይፈርድ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርን ነን። የተከሳሹ አፍ ሳይከፈት የተሰጠ ፍርድ ነገ ይፈርሳል። ተከራክሮ የተረታ ግን ተረታ።

ስለ ይቅርታውም ጥቂት እንበል፤ ጥያቄው በዚሁ መስጅድ ተነስቶ ያውቃልና። በጥር 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት አሳደገው። ከዚያ የአራቱ ሃይማኖቶች አባቶች፣ የእኛም መጅሊስ ጭምር፣ ይቅርታ እንዲደረግ ጠየቁ፤ በ2003 የሞቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ ቆይተውም ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ። መንግሥቱ ራሱ ግን ዚምባብዌ ነው፤ አንድም ቀን ችሎት አልቆመም። የተገዳይ ቤተሰቦች «ማን ጠየቀን?» አሉ። በሸሪዓችን የይቅርታው ባለቤት የደሙ ወራሽ ስለሆነ ቅሬታቸው ይገባናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት ደግሞ የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አፍኖ መሰወርና ማሰቃየት በዘመን ብዛት አይሻሩም፣ በምሕረትም አይታለፉም፤ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ግን ርዕሰ ብሔሩ ይችላል። ይህን አንቀጽ በቃላችሁ ያዙት። በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ኢልማችን እንምጣ። ሐዲስ የሚያስተምር ኡስታዝ ሁሉ ከመትኑ በፊት ኢስናዱን ያስጠናል፤ ማን ከማን ሰማ፣ መቼ ተገናኙ፣ ራዊው ታማኝ ነው ወይ፣ ሲያስታውስ ይሳሳታል ወይ። ሰምቻለሁ ያለና ከእገሌ ተብሏል ያለ በኢማሞቹ ዘንድ እኩል አይደሉም። ከቁርኣን አንቀጾች ረጅሙ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ጀነት አይደለም፤ በሱረቱል በቀራ ያለው፣ ስለ ብድር መጻፍ የወረደው አንቀጽ ነው። ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር ሲጠራ እንዳያንገራግር፣ ጸሐፊም ምስክርም እንዳይጎዱ ያዝዛል። ለጥቂት ገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዝን ለሰው ደም፣ ለመስጅድ መሬትና ለታሰረ ወንድም ስንት እጥፍ ይገባል? የሕግ ትምህርት ቤት የማስረጃ ሕግ ብሎ የሚያስተምረውን ሙሐዲሶች ከሺህ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ቤት ቢገቡ አይጣሉም።

ይህን በተግባር ያየነው ባለፈው ረመዳን ነው። ከፍ ያሉ ደረሶቻችንን የቤት ሥራ ሰጠናቸው፤ ከአያቶቻችሁ አንድ የቀይ ሽብር ዘመን ነገር ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ አልናቸው። አብዛኞቹ ያመጡት ሁለት መስመር ነው። «የሐጂ ልጅ ተወሰደ፤ አልተመለሰም።» የትኛው ሐጂ? የልጁ ስም ማን ነው? መቼ? አንድ ደረሳ ግን አያቱን በኦሮምኛ ጠይቆ፣ እሳቸው በተናገሩበት ቋንቋ ጽፎ መጣ። የአያቱ ታናሽ ወንድም መርካቶ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቀኑን አባ አያውቁትም። ዓመቱንም አያውቁትም። ሲጠየቁ ግን እንዲህ አሉ፤ የረመዳን ሀያ ሰባተኛው ሌሊት ነበር፣ ለይለቱል ቀድር ብለን ተቀምጠን ሳለ ጎረቤት የእንቁጣጣሽ ችቦ ያበራ ነበር፤ በዚያ ሌሊት ወሰዱት።

ደረሶቹ ቁጭ ብለው የሒጅራውን አቆጣጠር ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ጋር ገጠሙት። በ1968 መባቻ እንቁጣጣሽ የዋለው በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ነው። በ1969 መባቻ በወሩ አጋማሽ ነው። በ1971 መባቻ ጾሙ አልፎ ሸዋል ገብቷል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሀያ ሰባተኛው ሌሊት ጋር የሚገጥመው በ1397 ሒጅራ ብቻ ነው፤ እሱም ጳጉሜ 5 ቀን 1969 ማታ ነው። በጨረቃ እይታ አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ነው። አባ 47 ዓመት ሙሉ «አላውቀውም» ያሉትን ቀን ያውቁት ኖሯል። የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው። አሁን የዚያ ልጅ ስም እስከ አያት፣ የተወሰደበት ሰፈርና ቀን አለ። አንድ የሕግ ተማሪ ይህን ይዞ ወደ መዝገብ ቤት መግባት ይችላል፤ «የሐጂ ልጅ» የሚለውን ይዞ ግን በሩን አያልፍም።

እንዲህ ያለ ትውስታ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ከስደት ወገኖቻችን ታሪክ እንይ። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ እዚያው የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት አየችው። በወጣትነቷ አሠቃይቷት ነበር። ከሁለት እህቶች ጋር ሆና በ1990 እ.ኤ.አ. ከሰሰችው። የተጠቀሙበት ሕግ በ1789 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለብዙ ዘመን ማንም ሳይነካው የኖረ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ሕጉን አንብበው ለዚህ እንደሚሆን ያወቁ ጠበቆች ነበሩ። በ1993 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተላልፎ ተሰጠ። የሦስቱ ሴቶች ዋና ማስረጃ ምን ነበር? የት እንደታሰሩ፣ ማን ክፍሉ ውስጥ እንደነበረ፣ ማን ምን እንዳዘዘ መናገር መቻላቸው ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ ከአርጀንቲና የመጡ ባለሙያዎች እንደረዱም እናስታውስ። አርጀንቲና ራሷ ከ1976 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በወታደሮች ተገዝታ በሺህ የሚቆጠር ሰው የጠፋባት አገር ናት። ያ ቡድን በ1984 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አባላቱ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የአገራቸውን ሟቾች አጥንት በብሩሽ እያጸዱ ማንነታቸውን መለየት ተማሩ፤ ከዚያ ዕውቀቱን ይዘው እኛ ድረስ መጡ። የዛሬ ተማሪዎቻችን ገና ነን እንዳይሉ ነው ይህን የምንነግራቸው። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ከመቃብር የወጣው አጥንትና ልብስ በመስታወት ውስጥ ይታያል። ከዱከም ታክሲ ብትይዙ ሩቅ አይደለም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ስንመጣ ሁኔታው ይለያል፤ ልዩነቱንም በግልጽ መናገር አለብን። ደርግ ግፉን ጽፎ ትቶልናል። በእኛ ላይ የደረሰውን ግን የሚጽፍልን በዳይ የለም። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ እንቅስቃሴያችን «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ ምን እንደጠየቀ ታስታውሳላችሁ፤ መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ፣ መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11ና 27 የተጻፈ ነው። መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መረጥን፤ በሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በጸረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ተከሰሱ። ችሎቱ ገና ፍርድ ሳይሰጥ፣ የፍርድ ቤት እግድ እያለ፣ «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ወጥተዋል።

እዚህ ላይ የሕግ ትምህርት ቤትን ቅዱስ አድርገን እንዳንስል እንጠንቀቅ። ለወንድሞቻችን ጥብቅና የቆመውም፣ ክሱን የጻፈውም፣ የፈረደውም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ሕግ ቢላ ነው፤ እርድም ይታረድበታል፣ ሰውም ይወጋበታል። ይሁን እንጂ ያ አዋጅ የተለወጠውም ሕግ በሚያውቁ ሰዎች ነው። በ2010 በተቋቋመው የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ውስጥ ብዙ የሕግ መምህራን ነበሩበት፤ ከሥራቸው በኋላ የጸረ ሽብር ሕጉ በአዋጅ 1176/2012 ተተካ። አዋጅ 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ የውጭ ገንዘብ የሚቀበሉ ማኅበራትን ከሰብዓዊ መብት ሥራ ባስወጣበት ዘመን እንኳ ዩኒቨርሲቲዎቹ የከፈቷቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ድሃውን ሲያስተናግዱ ነበር። እነዚህ ማዕከላት ዛሬም አሉ። ክስ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ፣ ገንዘብ አይጠይቁም። ከመካከላችን ስንቱ ሄዶባቸዋል?

ከዚያ የ2015ቱ መጣ። በዙሪያችን ባሉት፣ ሸገር ከተማ በሚል በተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም ከተሞች በመስጅዶች ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሕዝቡ በግንቦት ወር ከጁምዓ በኋላ በአንዋር መስጅድ ድምፁን ሲያሰማ የሰው ሕይወት አለፈ። አላህ ሸሂድ ያድርጋቸው። በዚህ ወር አንድ ዓመት ሞላው።

ስለዚህ አንድ ዓመት ነው ዛሬ በተለይ የምንናገረው። ቅድም በአንቀጽ 28 እንዳልነው ከባድ ወንጀል በዘመን አይሻርም። የንብረት ጉዳት ካሳ ግን እንደዚያ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ከይዞታዬ ተነቀልኩ የሚል ሰው አቤቱታም በአንቀጽ 1149 እንዲሁ በሁለት ዓመት ይታገዳል። እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ሁኔታ አለውና ዝርዝሩን ጠበቃ ይንገረን፤ ይሁንና አንድ ዓመቱ እንዳለቀ፣ አንዱ ብቻ እንደቀረ እዚህ ያለው ሁሉ ይወቅ። በሰላማዊ ትግላችን ቀለሙን፣ መፈክሩን፣ ጸጥታውን ለዓለም አሳይተናል። የቀን መቁጠሪያውን ግን መንገድ ላይ በመጮኽ አናቆመውም።

ሌላም መንገድ ተከፍቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባለፈው ወር፣ ሚያዝያ 9፣ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እውነት የሚያፈላልግ ኮሚሽን፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት፣ ካሳም በውስጡ አለ። በተግባር ይውላል ወይስ ወረቀት ሆኖ ይቀራል የሚለውን አላህ ያውቃል። ጥርጣሬ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ጥርጣሬያቸውም መሠረት የለሽ አይደለም። ኮሚሽኑ መጥቶ «አላችሁ የምትሉትን አምጡ» ቢል ግን ባዶ እጃችንን አንጠብቀው።

እናም በመድረሳችን ያሰብነው ይህ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜና እሑድ ከዙህር በኋላ በመድረሳው ትልቁ ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች። በሴቶቹ በኩል እህቶች ይጽፋሉ፤ እናቶች ለወንድ ልጅ የማይናገሩት ብዙ ነገር አለና። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጡ ወገኖችም እንዲመጡ ንገሩልን። ሁለት የሕግ ተማሪዎች፣ የዚሁ ጀመዓ ልጆች፣ አብረውን ይቀመጣሉ። የደርግ ዘመን ያለው የደርጉን፣ የ2004ቱ ያለው ያንን፣ የ2015ቱ ያለው ይህንን ይናገራል። ያየውን ያየሁት ብሎ፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ ብሎ ይለያል። ጸሐፊው ቃል አያጎርስም። «ወታደር ነበር አይደል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምን ለብሶ ነበር?» ይላል። የተጻፈው ይነበብለታል፤ ካልተስማማ ይታረማል፤ ከተስማማ ይፈርማል ወይም ጣቱን ያስነካል። ስሜ አይውጣ ያለ ስሙ አይወጣም፤ ወረቀቱ በተለየ ሳጥን ይቀመጣል። ቁርኣን ምስክር እንዳይጎዳ ያዘዘውን እዚህ ላይ ካልተገበርን የት እንተገብራለን? የአገሪቱ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003ም አለ፤ ለማን እንደሚሠራ ተማሪዎቹ ያስረዷችኋል።

ስለ ሰነድ ደግሞ አጥብቀን እንለምናችኋለን። በየቤታችሁ ያለ የመስጅድ ወረቀት ሁሉ ይውጣ፤ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የግብር ደረሰኝ፣ መሬቱን የሰጠው ገበሬ የፈረመው ውል፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ የአሸዋና የሲሚንቶ ደረሰኝ ሳይቀር። ሽማግሌዎች ኮርኒስ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ፣ በሙስሐፍ ከረጢት ያስቀመጡትን እናውቃለን። ዋናውን አንወስድም፤ ፎቶ አንስተን እዚያው እንመልሳለን። የሆስፒታል ወረቀትና ፖሊስ የሰጣችሁ የመዝገብ ቁጥር ካለም ይምጣ። በስልክ ያነሳችሁትን ቪዲዮ አትቁረጡት፣ ጽሑፍና ነሺዳ አትጨምሩበት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ብቻ ያለፈውን ከዋናው ጋር አትደባልቁት። የተቆረጠ ቪዲዮ እንደተቆረጠ ኢስናድ ነው። ያልሆነ ነገር የጨመረ ደግሞ እኛን አይርዳን፤ አንድ የውሸት ምስክር መቶ እውነተኛ ምስክር ያስጥላል፤ የሐሰት ምስክርነትም በአላህ ዘንድ ከከባድ ወንጀሎች አንዱ ነው።

ወላጆች፤ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚወስዱ ልጆች በቤታችሁ አሉ። በየቤቱ ሐኪምና መሐንዲስ እንጂ ሕግ ይማር ሲባል ብዙ አንሰማም፤ «ጠበቃ ይዋሻል» ይባላል። ሐኪሙም የሚዋሽ አለ፤ ነጋዴውም አለ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሆነ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ማንበብ የምትወድና ክርክር የማይሰለቻት ካለች እንድትመርጠው ምከሯት። የቂርአት ቤት ልጅ መትን በቃሉ ይዞ፣ ሸርሑን አንብቦ፣ ኢኽቲላፉን ለይቶ ስለለመደ የሕግ መጻሕፍት አይከብዱትም። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንም በአዋጅ 188/1992 የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ቃዲ እንደሚያስፈልጋቸው እነሱም ይናገራሉ።

ለጊዜው ሁለት ደርዘን እስክሪብቶ፣ አንድ ደስታ ወረቀት፣ የጣት ቀለም፣ ሁለት ቁልፍ ያለው አንድ የብረት ሳጥን ያስፈልገናል። አንዱ ቁልፍ በኢማሙ፣ አንዱ በእህቶች ኮሚቴ እጅ ይሆናል። ወረቀቱን አንድ ወንድም ችሎታል፤ ጀዛኩሙላሁ ኸይራ። ሳጥኑን የሚችል ካለ ከመግሪብ በፊት ሙአዚኑን ያነጋግር። አባ፣ እርስዎም ቅዳሜ እንዲመጡ ደረሳው ሊወስድዎት ይመጣል፤ የወንድምዎን ስም እርስዎ ራስዎ በመጀመሪያው ገጽ ያጽፉታል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።